«ሒሳብ አይገባውም» የተባለው ልጅ ደብተር ምን ይላል? ስለ ስሌታዊ አስተሳሰብ ቀለል ያለ ማብራሪያ

አንድ ደብተር ከፊታችሁ ተዘርግቷል እንበል። አራት የመቀነስ ጥያቄዎች ተሠርተውበታል።

52 − 27 = 35
81 − 46 = 45
63 − 38 = 35
74 − 21 = 53

ሦስቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጓል። ራይት ያገኘው የመጨረሻው ብቻ ነው። ከሥር «ከ4 1፤ ጠንክር» ተብሎ ተጽፏል።

ውጤቱን ለጊዜው እንተወውና ስህተቶቹን ቀረብ ብለን እንያቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ቤት ላይ 2 እና 7 አሉ። ልጁ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ፤ 5 አገኘ። አስር ቤት ላይ ከ5 ላይ 2 ቀነሰ፤ 3 ሆነ። መልሱ 35። ሁለተኛውም ያው ነው። ከ6 ላይ 1 ሲነሳ 5፣ ከ8 ላይ 4 ሲነሳ 4፤ 45። ሦስተኛውም እንደዚሁ። አራተኛው ላይ በሁለቱም ቤት ትልቁ ቁጥር ከላይ ስለተቀመጠ ያው የተለመደ አሠራር ትክክለኛ መልስ ላይ ጣለው።

ልጁ አልገመተም። አልተዘናጋምም። «ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንስ» የሚል ደንብ ይዟል፤ ደንቡንም አራት ጊዜ ዝንፍ ሳይል ሠርቶበታል። «ጠንክር» ሲባልም የሚያጠነክረው ይህንኑ ደንብ ነው። ሃያ ጥያቄ ጨምሩለት፣ ሃያ ጊዜ በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ስሌታዊ አስተሳሰብ እንዲህ ዓይነቱን ልጅ እንዴት እንደሚረዳ ለመረዳት ይህ ደብተር ጥሩ መነሻ ነው። በየመሃሉ እንመለስበታለን።

ስሌታዊ አስተሳሰብ ሲባል ምን ማለት ነው?

በእንግሊዝኛ ስሙ ኮምፒውቴሽናል ቲንኪንግ ነው። ስሙ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ስለሚሸት ብዙ ሰው ኮዲንግ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል።

ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ ነው የሚሠራው። «ያው ታውቀዋለህ» ቢሉት አይገባውም። ስለዚህ የሚያዘው ሰው ሥራውን መሰባበር አለበት። የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት አለበት። ከዚህ በፊት የተሠራ ተመሳሳይ ነገር ካለ እሱን መልሶ መጠቀም ይችላል። ከዚያ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ችግሩ የት ጋ እንደገባ ፈልጎ ያርማል። ይህን ልማድ ከኮምፒውተሩ ነጥለን ለማንኛውም ችግር ስናውለው ስሌታዊ አስተሳሰብ እንለዋለን።

አባባሉን ሲሞር ፓፐርት የተባለ የሒሳብና የኮምፒውተር ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስለ ልጆችና ኮምፒውተር ባሳተመው መጽሐፉ ተጠቅሞበታል። በሰፊው የታወቀው ግን ጃኔት ዊንግ የምትባል የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር በ2006 አጭር ጽሑፍ ካወጣች በኋላ ነው። የእሷ ሐሳብ፣ ይህ ችሎታ ለፕሮግራመሮች ብቻ ሳይሆን እንደ ማንበብና መጻፍ ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል የሚል ነበር። እንግሊዝ በ2014 ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ በሥርዓተ ትምህርቷ አስገባችው። ፒዛ የሚባለው ዓለም አቀፍ የ15 ዓመት ተማሪዎች ምዘናም በ2022 የሒሳብ ማዕቀፉ ውስጥ አካቶታል። ወሬው የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

በነገራችን ላይ ነገሩ ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ደረጃ በደረጃ የተቀመጠ አሠራርን «አልጎሪዝም» የምንለው በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ በነበረው በአል-ኽዋሪዝሚ ስም ነው። ልጆች መደመርን ሲማሩ «ሁለት ይጻፋል፣ አንድ በእጅ» የሚሉት ራሱ አልጎሪዝም ነው።

ቀስ ብሎ የሚማር ልጅ ማን ነው?

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ትንሽ ያሳስተናል። «ሰነፍ ተማሪ» ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን፦ የማይሠራውን ልጅ እና እየሠራ የማይሳካለትን። «ጎበዝ»ም እንደዚያው ነው፤ ታታሪውም ፈጣኑም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ማታ ማታ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ የሚያመሽ ልጅም ነጥቡ ዝቅ ካለ ሰነፍ ይባላል። ቃሉ በራሱ ፍርድ ነው።

ቀስ ብሎ የሚማር የሚባለው፣ እኩዮቹ የሚማሩትን መማር የሚችል፣ ግን ተጨማሪ ጊዜ፣ ተጨማሪ ድግግሞሽና በእጅ የሚጨበጥ ምሳሌ የሚፈልግ ልጅ ነው። በሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዘንድ በተለምዶ አይኪው በሚባለው የማሰብ ችሎታ መለኪያ ከ70 እስከ 85 አካባቢ የሚያገኙትን ይመለከታል። መለኪያው ራሱ በተሠራበት መንገድ ስናሰላው ከ100 ሰው ወደ 14 የሚሆነው እዚህ ውስጥ ይወድቃል። 50 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ሰባት ልጅ ማለት ነው። ጥቂት አይደሉም።

ይህ በሽታ አይደለም። ዲስካልኩሊያ ከሚባለውም ይለያል፤ እሱ በሌላው ትምህርት ደህና የሆነ ልጅ ከቁጥር ጋር ብቻ ለይቶ የሚቸገርበት ሁኔታ ነው። ሰሌዳው በደንብ የማይታየውን፣ ወይም ታሞ አንድ ወር ከትምህርት ቀርቶ ክፍልፋይ ያመለጠውን ልጅም ከዚህ ጋር መቀላቀል የለብንም። የዓይን ምርመራ የሚፈታውን ችግር በአስተሳሰብ ዘዴ መፍታት አይቻልም።

ታዲያ ሒሳብ ላይ የሚከብዳቸው ምንድን ነው?

አእምሯችን ውስጥ አንድ ትንሽ የሥራ ጠረጴዛ አለ እንበል። አሁን የምናስበውን ነገር የምናስቀምጠው እዚያ ላይ ነው። ጠረጴዛው የማንም ሰው ይሁን ጠባብ ነው። ጆርጅ ሚለር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1956 በአንድ ጊዜ የምንይዘው ወደ ሰባት ነገር ነው ብሎ ነበር። በኋላ፣ በ2001፣ ኔልሰን ካወን ቁጥሩን ወደ አራት አወረደው።

ቀስ ብለው የሚማሩ ልጆች ብዙዎቹ ጠረጴዛቸው ከሌላው ጠበብ ያለ ነው። በዚያ ላይ 6 ሲባዛ በ8 ስንት እንደሆነ ወዲያው የማይመጣለት ልጅ እሱን ለመቁጠር ብቻ ግማሹን ጠረጴዛ ይይዛል። ቆጥሮ ሲጨርስ ቀና ይላል፤ ለምን ይቆጥር እንደነበረ ረስቶታል። ከውጭ ለሚያየው ሰው «ትኩረት የለውም» ነው። ከውስጥ ግን ዕቃው ከጠረጴዛው ላይ ወድቆበታል።

ስሌታዊ አስተሳሰብ ጠረጴዛውን አያሰፋውም። የሚያደርገው ዕቃውን ወደ ወረቀት ማውረድ ነው። በጭንቅላት ይያዝ የነበረው ይጻፋል፣ ይሣላል፣ ይከፋፈላል። ልጁ በአንድ ጊዜ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል።

እስቲ በአንድ ጥያቄ አሳዩን

ይኸው። «አንድ ቤተ መጻሕፍት ከተከፈተ 12 ዓመት ሆኖታል። 6 መደርደሪያዎች አሉት። በእያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ 48 መጻሕፍት ተደርድረዋል። ሰኞ ዕለት አንባቢዎች 37 መጻሕፍት ተውሰው ሄዱ። ማክሰኞ 19ኙን መለሱ። አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስንት መጻሕፍት አሉ?»

አምስት ቁጥር ነው ያለው። የተቸገረ ልጅ ቁጥሮቹን ይለቅምና አንድ ነገር ያደርግባቸዋል። ብዙ ጊዜ ይደምራቸዋል። በዚህ ግን እሱ ብቻ አይደለም። በ1980 አካባቢ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ ተመራማሪዎች ለትንንሽ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር፦ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች ቢኖሩ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው? አብዛኞቹ ሳያቅማሙ ቁጥር መለሱ። ከትምህርት ቤት የተማሩት ትልቁ ደንብ «ቁጥር ከተሰጠህ ተጠቀምበት» የሚለው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሮቹን በወረቀት ቁራጭ ሸፍኑ። ልጁ ታሪኩን ብቻ በራሱ አፍ ይንገራችሁ። «መደርደሪያዎች አሉ። መጻሕፍት አሉ። የተወሰነ ተወሰደ። የተወሰነ ተመለሰ። አሁን ስንት ነው?» ይህን ማለት ከቻለ የጥያቄውን ከባድ ክፍል ጨርሷል። አንድም ቁጥር ሳይነካ።

ከዚያ ቁጥሮቹን ግለጡና «ለዚህ ታሪክ የማያስፈልገን የትኛው ነው?» በሉት። 12 ዓመቱ ይሰረዛል። በእርሳስ፣ በራሱ እጅ። ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ከጥያቄ ላይ አንድ ነገር መሰረዝ ትልቅ ፈቃድ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሚያስፈልግ ይመስለው ነበር።

አሁን ይሰበራል። መጀመሪያ ስንት ነበር? ሰኞ ስንት ቀረ? ማክሰኞ ስንት ሆነ? ሦስት ትንንሽ ጥያቄዎች፣ ሦስት ሳጥኖች። የመጀመሪያው ሳጥን 6 ሲባዛ በ48 ነው፤ እሱም ራሱ ከከበደ ይሰበራል። 6 ጊዜ 40፣ 240። 6 ጊዜ 8፣ 48። ሲደመር 288። ሳጥኑ ውስጥ ይጻፍ፣ ከጭንቅላት ይውጣ። ሁለተኛው 288 ሲቀነስ 37፣ 251። ሦስተኛው 251 ሲደመር 19፣ 270።

በመጨረሻ አንድ ማጣሪያ አለ። የወጣው ከተመለሰው ይበልጣል፤ ስለዚህ መልሱ መጀመሪያ ከነበረው 288 ማነስ አለበት። 270 ያንሳል። ልጁ 306 አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ሲያይ የሆነ ቦታ እንደተሳሳተ መምህሩ ሳይነግረው ያውቃል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። «ቀረ» ካለ ቀንስ፣ «በጠቅላላው» ካለ ደምር እያሉ ቁልፍ ቃል የሚያስጠኑ አሉ። ለሁለት ሳምንት ይሠራል። «ከበደ 5 እርሳስ ሰጥቶ 8 ቀረው፤ መጀመሪያ ስንት ነበረው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን ልጁ «ቀረ»ን አይቶ ይቀንሳል፤ መልሱ ግን 13 ነው። ስሌታዊ አስተሳሰብ የሚጀምረው ከታሪኩ ነው።

ተመሳሳይነትን ማየትስ?

ይህ ክፍል ሲሳካ ደስ ይላል፤ ሲያሳስትም በደንብ ያሳስታል። በክብሪት እንጨት ካሬዎችን አያይዛችሁ በአንድ ረድፍ ሥሩ። ለአንድ ካሬ 4 እንጨት፣ ለሁለት 7፣ ለሦስት 10፣ ለአምስት 16። ለአሥር ካሬስ?

አንዱ ልጅ 40 ይላል፤ አንድ ካሬ 4 እንጨት ነዋ። ሌላው 32 ይላል፤ የአምስቱ እጥፍ። ሁለቱም ተመሳሳይነት አይተዋል፣ ግን የሌለውን። መልሱ 31 ነው። ለምን? ከመጀመሪያው ካሬ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ካሬ አንዱን ጎን ከጎረቤቱ ይጋራል። ስለዚህ 3 አዲስ እንጨት ይበቃዋል፤ የመጀመሪያው ብቻ 4።

ፈጣን ልጅ ይህን ከቁጥሮቹ ብቻ ሊያየው ይችላል። ቀስ ብሎ የሚማረው ግን እንጨቶቹን በእጁ መደርደር አለበት። አራተኛው ወይም አምስተኛው ካሬ ላይ ሲደርስ እጁ ሳይጠየቅ ሦስት እንጨት ማንሳት ይጀምራል። ምክንያቱን በቃል የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድማችሁ «በሦስት በሦስት እየጨመረ ነው» ካላችሁት፣ ሌላ የሚሸመደድ ነገር ሰጣችሁት ማለት ነው።

ስህተትን ማረም ለምን ይህን ያህል ትኩረት ይሰጠዋል?

በእኔ ግምት ለእነዚህ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ስለሆነ ነው።

ፕሮግራመሮች የፕሮግራም ስህተትን «ባግ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ማርክ ቱ የሚባል ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛ የእሳት እራት ገብታ ተገኝታ፣ በመዝገቡ ላይ በማጣበቂያ ተለጥፋ ቀርታለች። ቃሉ ከዚያ በፊትም ነበር፤ የእሳት እራቷ ታሪክ የሚወደደው ለቀልዱ ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ፕሮግራም መጀመሪያ ሲጻፍ እንደማይሠራ ማንኛውም ፕሮግራመር ያውቃል። አይደነግጥም። አያፍርም። ፈልጎ ያርማል።

በ1978 ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ ወደ ልጆች ደብተር አመጡት። የተማሪዎችን የመቀነስ ስህተቶች ሲመረምሩ ብዙዎቹ የዘፈቀደ አለመሆናቸውን አሳዩ። ልጁ ወጥ የሆነ፣ ግን አንድ ቦታ ላይ የተጣመመ አሠራር ይከተላል። ባግ እንዳለበት ፕሮግራም። መግቢያችን ላይ ያየነው «ከትልቁ ላይ ትንሹን» ከእነዚህ በጣም ከተለመዱት አንዱ ነው።

ይህ ለመምህርም ለወላጅም ጥያቄውን ይለውጠዋል። «ስንት አገኘ?» የነበረው «ምን እያደረገ ነው?» ይሆናል። መጠየቂያውም ቀላል ነው፦ «ይቺን እንዴት እንደሠራሃት ከመጀመሪያው ንገረኝ።» በቁጣ ድምፅ ከተባለ ልጁ ወዲያው ማጥፋት ይጀምራል፤ ላጲስ የሚያነሳው ስህተቱን አውቆ አይደለም፣ ስለተጠየቀ ነው። ስለዚህ ትክክል የሠራውንም ጠይቁት። 74 ሲቀነስ 21ንም ያስረዳ። ያኔ «እንዴት ሠራኸው» የሚለው የክስ ቃል መሆኑ ይቀራል።

ታዲያ ኮምፒውተር ጨርሶ አያስፈልግም?

ካለ ይረዳል። ፓፐርት ከባልደረቦቹ ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር በ1967 ሎጎ የሚባል ለልጆች የሚሆን የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተው ነበር። ልጁ አንዲት ኤሊ ያዛል፤ ኤሊዋ እየሄደች መስመር ትሥላለች። «50 ወደፊት፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ» አራት ጊዜ ሲደጋገም ካሬ ይወጣል።

እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን ሥሪ ሲሏት ግን ብዙ ልጅ 60 ዲግሪ ያዝዛል፤ የሦስት ማዕዘኑ ማዕዘን 60 መሆኑን ተምሯላ። ኤሊዋ ሦስት ጊዜ ሄዳ ክፍት የሆነ ቅርጽ ትታ ትቆማለች። ያኔ ልጁ ተነስቶ ወለሉ ላይ እንደ ኤሊዋ ይራመድ። ጥጉ ላይ ሲደርስ የሚዞረው ምን ያህል ነው? ወደ ውስጥ ያለውን 60 ሳይሆን የተረፈውን 120 ነው። ሦስት ጊዜ 120 ደግሞ 360፤ አንድ ሙሉ ዙር። በእግሩ ያገኘው ማዕዘን ነው።

ነገር ግን ኮዲንግ የተማረ ልጅ በራሱ ጊዜ ሒሳብ ይገባዋል ማለት አይደለም። ሮይ ፒና ሚድያን ከርላንድ በ1984 ሎጎ የተማሩ ልጆችን ሲፈትሹ፣ የማቀድ ችሎታው ወደ ሌላ ሥራ ተሻግሮ አላገኙትም። ድልድዩን መምህሩ መሥራት አለበት፦ «ኤሊዋን ስናርም ምን አደረግን? እዚህ መቀነስ ላይስ ያንኑ ማድረግ አንችልም?»

ደረጃዎቹን ማስጠናት በራሱ ሽምደዳ አይሆንም ወይ?

ይሆናል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ባለ ደብተሩ ልጅም እኮ አልጎሪዝም አለው። የጎደለው ደረጃው ከምን እንደመጣ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ ይሂድ። አንደኛው ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ነው። ጆን ስዌለርና ግርሃም ኩፐር በ1985 አልጀብራ ላይ እንዳሳዩት፣ ጀማሪዎች በባዶ ወረቀት ከመታገል ይልቅ የተሠራ ምሳሌ ቢያጠኑ ቶሎ ይማራሉ። መጀመሪያ ሙሉውን አሳዩት። ቀጥሎ የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ባዶ ተዉለት። ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት። እንዲህ እያለ ሥራው ወደ እሱ ይዛወራል። ልጁን ግን «መከፋፈል»፣ «ረቂቅ ማውጣት» (የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት) የሚሉ የሙያ ቃላት አታስጠኑት። እነሱ ለእኛ ናቸው፤ ለእሱ ተጨማሪ የጠረጴዛ ዕቃ ናቸው።

ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ለመቀነስ እንጨቶች ይበቃሉ። አሥር አሥሩን በላስቲክ እሰሩ። 52 ማለት 5 እስርና 2 ልቅ እንጨት ነው። «27 ስጠኝ» በሉት። ሁለት እስር ይሰጣል። ሰባት ልቅ ሲፈልግ ግን ያለው ሁለት ነው። እዚህ ላይ ዝም በሉ። ትንሽ ያስባል፤ እናንተንም ቀና ብሎ ያያችኋል። ከዚያ ከአንዱ እስር ላይ ላስቲኩን ያወልቃል። አሁን 12 ልቅ እንጨት አለው፤ ሰባቱን ይሰጣል። ሁለት እስርና አምስት እንጨት ይቀረዋል። 25።

«መበደር» የሚባለው ይኸው ላስቲክ ማውለቅ ነው። ደብተሩን መልሱለትና 35 ያለበትን ራሱ ያርመው። ከዚያ 81 ሲቀነስ 46ን በእንጨት፣ 63 ሲቀነስ 38ን በሥዕል፣ ቀጣዩን በቁጥር ብቻ።

ሲለምደው የሚጠብቀው 402 ሲቀነስ 57 ነው። መሃል ላይ ዜሮ አለች፤ ከዜሮ ደግሞ የሚበደሩት ነገር የለም። እዚያ ሲደርስ ከራሱ አዲስ ደንብ ሊያወጣ ይችላል። እንጨቶቹን ገና አታንሷቸው።